ነጯ ጎጀብ ላይ ቆመች

«የጎሚስታው ልጅ ሴት ይዞ ነው አሉ የሚመጣው! እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ በገዛ አፉ ሲናገር ነው የሰማሁት!»

እንዲህ ያለችው እትዬ ውባየሁ ናት። ቦንጋ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያለን ሰዎች ሬዲዮ አንከፍትም፤ እሷ አለችልን። ቅዳሜ ጠዋት የሚያፈስ ባልዲዋን ልታስበይድ አብዮት ጋራዥ ሄደች። እዚያ ቆማ እያለች የአብዮት ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። አብዮት እጁ ግሪስ በግሪስ ነው፤ በክርኑ ጫን ሲያደርገው ድምፁ ጋራዡን ሞላው። ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ባልዲውንም አብዮትንም እዚያው ጥላ፣ ነጠላዋን በጭቃ እየጎተተች የጋሽ ኃይለመስቀል አጥር ሥር ተገኘች።

የጋሽ ኃይለመስቀል ልጅ ሚስጥር ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ሚስጥርዬ፣ እኔ እንኳን የሰው ወሬ አልወድም» አለች እትዬ ውባየሁ። ባትወድማ ኖሮ ያ አጥር ያን ሁሉ ቀዳዳ ከየት ያመጣው ነበር! «ግን አንቺ እንደ ልጄ ነሽ። ያ ሰብሃትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹እሷ ዛሬም አልነሳ አለችኝ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ተኝቼ ነው የዋልኩት› ይላል። ከሥሯ! ሰማሽኝ? ‹ስትሞቅ ታስቸግረኛለች፤ ቢሆንም ያን ሁሉ አገር አብረን አቋርጠን ጥያት አልገባም› ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምን አለው መሰለሽ? ‹ለሚስጥር እንዳትነግርብኝ!›»

ሚስጥር እጇ ላይ ያለውን እርጥብ አንሶላ ጨመቀችው። ቀድሞ የተጨመቀ አንሶላ ነው፤ እሷ ግን ደግማ ጨመቀችው።

«ሌላ ሰብሃት ይሆናል፣ እትዬ።»

«አዬ ልጄ! እኔ የሰብሃትን ድምፅ ልስተው? ከጓሮዬ የዘይቱን ፍሬ ሲሰርቅ ስንቴ ይዤዋለሁ፣ ‹እትዬ ይማሩኝ› እያለ ሲለምነኝ!»

ይህን ብላ እንባው እስኪመጣ ቆማ ጠበቀች። እንባውን አይታ ነበር እንግዲህ ለሰፈሩ የምታከፋፍለው። ሚስጥር ግን አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጋችና ከኋላው ገብታ ቆመች፤ እዚያ ማንም አያያትም።

ይሄ ሰብሃት ማለት፣ ለማታውቁት፣ መናኸሪያው አፍ ላይ ጎማ ይለጥፍ የነበረው የጋሽ ሣህሌ ልጅ ነው። ጋሽ ሣህሌ ነፍሱን ይማረው፤ ከዋጫ መንገድ ተንፍሶ የመጣ ጎማ ሁሉ በእጁ ነው ነፍስ የዘራው። ሰብሃትና ሚስጥር ከትምህርት ቤት ጀምሮ በዓይን ሲፈላለጉ ያላየ ሰው የለም፤ አባቷ ብቻ ናቸው ያላዩት። ልጁ እንደምንም አድጎ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በዝናብ፣ በእግራቸው፣ ጭቃ እየረገጡ ሄዱ። ጋሽ ኃይለመስቀል ጫማቸውን አዩ፤ ከጫማው በላይ ሰው እንዳለ አላዩም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ይሄ በር ለመኪና የተሠራ ነው። የጎማ ልጅ አራቱን ጎማ አሟልቶ ይምጣ፤ ያኔ እከፍትለታለሁ።»

አይ ጋሽ ኃይለመስቀል! የእሳቸውስ መኪና የታለ? ኃላፊ በነበሩ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ይገባበት ነበር። ጡረታ ሲወጡ መኪናውን መሥሪያ ቤቱ ወሰደ፤ በሩ ተረፈላቸው። ሁለት መዝጊያ፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ላዩ ላይ ጦር የመሰለ ብረት። ዛሬ በእሱ የምትገባው የእትዬ ውባየሁ ዶሮ ናት፤ እሷም በሥሩ ሹልክ ብላ። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ያስጠርጉታል፣ ማጠፊያውን ዘይት ይቀቡታል።

ሰብሃት ያቺን ቃል ይዞ ደቡብ አፍሪካ ወረደ። በሄደ ቀን ሚስጥር መናኸሪያ ቆማ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈ፤ ጥፍሩ ሥር የጎማው ጥቁር አለ፣ ታጥቦ ታጥቦ የማይለቀው። አላወሩም። አያት፣ አየችው። ያቺ እይታ ናት እንግዲህ ስንት ዓመት ያቆየቻት።

* * *

ሔኖክን ደግሞ እንየው። ከአዲስ አበባ የመጣ የፕሮጀክት ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ ይዞ ዛሬ ቢታ ገነት፣ ነገ ደካ «ፊልድ» ይወጣል፤ ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው ሁሉ መልሱ ሳይገባው ነው የሚመለሰው። አፉን ሲከፍት ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ ባዶ። ሚስጥርን ማዘጋጃ ቤት ሥራዋ ላይ አይቷት «በእኛ ጉዳይ ፊድባክሽን እየጠበቅኩ ነው» አላት። ፍቅሩን መግለጹ ነው እንግዲህ! ጋሽ ኃይለመስቀል ግን ያ ፒክአፕ በሰማያዊው በር ሲገባ ባዩ ጊዜ እንባቸው ነው የመጣው። የሔኖክ ሽማግሌዎች እሁድ ከሰዓት እንዲመጡ ቀን ተቆረጠ። ሚስጥርም እሺ ወይ እምቢ ልትል።

ለሰብሃት ነግራዋለች። «ከእሁድ በፊት ቦንጋ ነኝ፤ እንዴት እንደምመጣ ግን አትጠይቂኝ» ብሏት ነበር። አልጠየቀችም። የዋህ!

ቅዳሜ ከሰዓት ከጓሮ፣ ቡናው መሃል ገብታ ደወለችለት።

«የት ነህ?»

«ጅማ መግቢያ። ነገ እደርሳለሁ፣ ከሞትኩም ሬሳዬ ይደርሳል!»

«ከማን ጋር ነህ?»

ሳቀ። ያንን ሳቁን ታውቀዋለች፤ የተያዘ ሌባ ሳቅ ነው።

«አብዮት ነገረሽ አይደል? እሱ ሰውዬ አፉ አይችልም!»

«እውነት ነው ማለት ነው?»

«እውነት ነው እንጂ! ድንገት ላሳይሽ ነበር የፈለግኩት፤ አበላሸብኝ። ስታያት ትወጃታለሽ፣ ሚስጥርዬ። ነጭ ናት።»

«ነጭ!»

«ነጭ። ጃፓን ናት፣ የኖረችው ግን እዚያው ጆበርግ ነው። ዕድሜዋ ትንሽ ገፋ ብሏል፤ ጥንካሬዋን ብታዪ ግን! እኔ በወጣት አልለውጣትም። አባትሽ በር ላይ ይዣት ስቆም ይታየኛል…»

«እኔስ?» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

«አንቺማ ከጎኔ! ሦስታችን ሆነን ከተማውን…»

ኔትወርኩ ተቆረጠ። ኔትወርክም አንዳንዴ የሚቆረጥበትን ያውቃል። ሚስጥር ቡናው ሥር ቁጭ አለች። መጀመሪያ ልታለቅስ ነበር፤ ከዚያ ከሆዷ ሌላ ነገር ተነሳ፣ ንቀት የሚባለው። ሰውን መናቅ እንደዚህ እንደሚቀዘቅዝ አታውቅም ነበር። ደረቷ ድረስ ቀዘቀዛት።

* * *

«ጃፓን ነጭ ናት እንዴ?» አለች በዛወርቅ።

በዛወርቅ የሚስጥር ጓደኛ ናት፤ መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። ምላሷን ሹፌሮቹ ሁሉ ይፈሩታል። እሁድ ጠዋት ነው፣ ዝናቡ ገና አላባራም፣ ሚስጥር ሻይዋን ሳትነካ ታማስላለች።

«ምን አውቄ! ነጭ ናት አለ፣ ጃፓን ናት አለ፣ ትልቅ ሴት ናት አለ።»

«ሦስታችን ነው ያለሽ?»

«ሦስታችን።»

«እንዲህ ነዋ! እሱ መሃል ተኝቶ በሁለት በኩል ሊሞቀው!»

ከተማው እስከዚያ ነጯን ድሯት፣ አፋትቷት፣ ንብረቷን ተካፍሎ ጨርሷል። እትዬ ውባየሁ ቤት ለቤት ዞራ ሆቴል አሠርታላታለች። አንዱ ባሏ የሞተባት ናት ይላል፤ ሌላው ካልሲ ፋብሪካ አላት ይላል። ጎሚስታው አባቱ ነፍስ ቢኖረው ይሄኔ ሙሽራይቱን በምን እንደሚቀበላት ይጨነቅ ነበር፣ ይላሉ ደግሞ እየሳቁ።

ይህን እያወሩ አብዮት የመፍቻ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የጅማ ሚኒባስ ሊሳፈር መጣ። በዛወርቅ ጃኬቱን ጨምድዳ ያዘችው።

«የት ነው?»

«ጎጀብ።» አብዮት ወደ ሚስጥር ላለማየት ዓይኑን ፓስቲው ላይ ተከለ። «ሰብሃት ደውሎ… እዚያ ቆማበታለች።»

«ነጯ?»

«እህ… ነጭ ናት፣ አዎ።»

«ምን ሆና ነው የቆመችው?»

«ሽቅቡ ከብዷት። አርጅታለቻ!»

በዛወርቅ በጥፊ ልትለው ነበር። አብዮት ምስኪን ደግሞ ለጓደኛው ምሏል፤ ስለ መኪና አንድ ቃል እንዳይተነፍስ በእናቱ ሥጋ ምሏል። ወንዶች ሲምሉ ለእንዲህ ያለው ነገር ነው የሚጸኑት!

ሚስጥር ተነሳች።

«እኔም እሄዳለሁ። ቆሜ በዓይኔ አያታለሁ። ከዚያ ተመልሼ ለሔኖክ እሺ እላለሁ።»

«በንዴት ልታገቢ?» አለች በዛወርቅ፤ ሽርጧን ግን እየፈታች ነው።

«በምን ላግባ ታዲያ? ፍቅሩንማ ይኸው አየሁት።»

ሦስቱም ተሳፈሩ። ሚኒባሱ በጊምቦ በኩል ሲወርድ ብርዱ እየቀለለ፣ ሙቀቱ እየመጣ ሄደ። ሚስጥር በመስኮት ጫካውን ታያለች እንጂ አላየችውም። ልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምነው ቆንጆ ባትሆን። ወዲያው ደግሞ ትገለብጠዋለች፦ ምነው በጣም ቆንጆ በሆነች፣ ቢያንስ የተጣልኩት በምክንያት ይሆን ነበር።

* * *

ከጅማ ሲመጡ የጎጀብን ድልድይ ተሻግሮ ሽቅቡ የሚጀምርበት ላይ አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር ኮፈኗን ወደ ሰማይ ከፍታ ቆማለች። ላይዋ ላይ ፍራሽ፣ ጄሪካን፣ የታሰረ ወንበር። ከሆዷ እንፋሎት ይወጣል። ከሥሯ ሁለት እግር ይታያል። ዙሪያዋን ማንጎ ሻጮቹ ሥራ ፈትተው ተሰብስበዋል።

ሚስጥር ወርዳ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደች። የፊቱን መስኮት አየች፤ ባዶ። የኋላውን አየች፤ ጎማና ብርድ ልብስ። ዞራ ከጀርባዋ አየች።

«የታለች?»

እግሮቹ ደነገጡ። ሰብሃት ከሥር እየተንፏቀቀ ወጣ። ከስቷል፤ ፊቱ በዘይት ተቀብቷል፤ ዓይኖቹ ብቻ ናቸው እነዚያው።

«ሚስጥር! አንቺ… እዚህ እንዴት…»

«የታለች አልኩህ?»

«ማን?»

«ነጯ! ጃፓኗ! ያቺ ከሥሯ የዋልክላት!»

ሰብሃት እሷን አየ፣ አብዮትን አየ። ከዚያ የመኪናዋን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ በሬ እንደሚሸጥ ሰው።

«ይቺ ናት እኮ!»

ማንጎ ሻጮቹ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። ከዚያ አብዮት። በዛወርቅ እየሳቀች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሚስጥርም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻ ቀረ።

«አለቀስሽ?» አለ ሰብሃት ቀረብ ብሎ። «አታልቅሺ። ያን ሁሉ አገር የነዳኋት ለአንቺ ነው። ዛምቢያ ላይ ራዲያተሯ ተበሳ፤ በሳሙና ደፍኜ የምጠጣውን ውሃ ለእሷ አጠጥቼ ሄድኩ። ታንዛኒያ ባሌስትራዋ፣ ያ ወገቧን የሚደግፈው ብረት፣ ተሰበረ፤ ቋንቋ አላውቅ፣ ጋራዥ ያለ መስሎኝ ወገቤን ይዤ ሳሳያቸው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።»

«መርፌ ወጉህ?» አለች በዛወርቅ ከመሬት ሆና።

«ወግተውኛል!» አለ። ሚስጥር ፈገግታዋን ነከሰችው። «ኬንያ በረሃው ላይ አልነሳ ስትለኝ ግመል ጠባቂዎች ገፉልኝ። እዚያ ብቻዬን አሸዋው ላይ ተኝቼ ምን እል ነበር መሰለሽ? ‹ሚስጥር በሩን ስትከፍት ፊቷ ምን ይመስል ይሆን› እላለሁ። ጎማዎቹን እያቸው፤ አራቱም አዲስ ናቸው። አራቱን አሟልቼ መጣሁ።»

እጁን አየችው። ጥፍሩ ሥር ያው ጥቁር አለ። ደረቷ ላይ የቀዘቀዘው ነገር ትንሽ ቀለጠ። የዘይቱን ጠረን ችላ ጠጋ አለች፣ ትንፋሹ እስኪሰማት።

«እሺ፣ ና እንሂድ» አለችው በቀስታ። «ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ይቀመጣሉ። አንተ ከጎኔ ከቆምክ በአባቴ ፊት እምቢ እላቸዋለሁ፤ ብቻዬን ግን ጉልበት የለኝም፣ ሰብሃት። ሚኒባስ ይመጣል፣ ሰዓት ሳይሞላ ቦንጋ ነን።»

«እሷስ?»

«አብዮት ይጠብቃታል።»

ሰብሃት ወደ መኪናዋ ዞረ። ያቺ ዞር ማለት ናት ነገር ያበላሸችው። ሴት በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ወዴት እንደሚያይ አትስትም።

«በእግሬ አልገባም» አለ። «ያን ሁሉ ዓመት ለዚያች ቀን ነው የሠራሁት። በእግሬ ከገባሁ አባትሽ ያሉት ልክ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ታገሺኝ፤ አብዮት የሞተሯን ማሸጊያ ጉርኒሲዮን ይቀይርልኝና…»

«ታገሺኝ?» ሚስጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «ያኔ በጭቃ ጫማ መጥተህ ብትሆን እኮ በጓሮ ዘልዬ እከተልህ ነበር! አንድ ቀን ‹በመኪና ና› ብዬሃለሁ? በስልክ ስንት ጊዜ ‹ና ብቻ› አልኩህ? አንተ ግን አባቴ የተናገረውን አንድ ቃል ጉያህ ውስጥ ይዘህ ስታሞቀው ኖርክ። እኔን አይደለም ስታስብ የኖርከው። አባቴን ነው። አባቴን አግባው!»

ሰብሃት እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገ። ማንጎ ሻጮቹ እንኳን ማንጎአቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሚስጥር ከመኪና ይልቅ ሴት ብታገኝ ይሻላት እንደነበር አሁን ገባት። ሴትን ይጣሏታል። ከቆርቆሮ ጋር ምን ብለው ይጣላሉ?

* * *

የሔኖክ ፒክአፕ የደረሰው ይሄኔ ነው። ጋሽ ኃይለመስቀል ኮታቸውን ለብሰው ከፊት፣ ሔኖክ መሪ ላይ፤ ከኋላ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እትዬ ውባየሁ! ልጅቷ መሄዷን የነገረቻቸው እሷ ናት፤ ለአገልግሎቷ ደግሞ መቀመጫ ጠየቀች።

«የታለች ነጯ?» አለች ገና በር ሳትከፍት።

«ሚስጥር!» ብለው ወረዱ ጋሽ ኃይለመስቀል፤ ጣታቸው ተቀስሯል፣ የጢማቸው ጫፍ ይንቀጠቀጣል። «የሰው ሽማግሌ ቤቴ ሊመጣ አንቺ በየመንገዱ…»

ከዚያ መኪናዋን አዩ።

ጣታቸው በአየር ላይ ቀረ። ዞሯት። ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። በመሐረባቸው ጎኗ ላይ ያለውን ጭቃ ጠረግ አድርገው የሥሩን ቀለም አዩ።

«ስንት ሞዴል ናት?» አሉ፤ ድምፃቸው ቅቤ ሆነ።

ሰብሃት ነገራቸው።

«ጃፓን?»

«ጃፓን ናት፣ ጋሼ።»

«በስምህ ናት? የመሥሪያ ቤት አይደለችም?»

«የራሴ ናት።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ሔኖክን አላዩትም። ሔኖክ ግን ገባው፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኦቨርሂት አድርጋለች። ቴክኒካሊ እንደዚህ ዓይነት መኪና ሪስክ አለው…»

«አንተ ዝም በል፣ ልጄ፤ ያንተ ፒክአፕ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መላሽ ነህ» አሉት። ከእሳቸው የተሻለ ይህን የሚያውቅ ማን አለ!

ከዚያ በግራው በኩል ያለውን በር ከፍተው፣ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ሹፌር ሆነው ገቡ። ቁጭ አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። መሪ የለም። ለካ የደቡብ አፍሪካ መኪና መሪዋ በቀኝ ነው። ጋሽ ኃይለመስቀል በባዶው ላይ እጃቸውን እንደዘረጉ ግራ ቀኝ አዩ፣ ከዚያ እንደምንም መሪ እንዳልፈለጉ መስለው ጉልበታቸውን አሹ። በዛወርቅ አፏን በነጠላዋ አፈነች።

«ችግር የለም» አሉ ከውስጥ ሆነው። «ፒክአፑ ይጎትታታል። ተጎትታም ቢሆን በትልቁ በር ትገባለች፤ ሰው ይያት። ሰብሃት ልጄ፣ ገመድ እሰር፣ መሪውን ያዝ። እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።»

ሰብሃት ልጄ። ያን ሁሉ አገር የነዳው ለዚህች ቃል ነው እንግዲህ። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። ሮጦ ገመዱን ከኋላ አወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረ።

ሚስጥር ያን የበራ ፊት አየችው። ለእሷ አልነበረም የበራው። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ወደ አስፋልቱ ወጣች። ከጅማ የሚመጣ ሚኒባስ ድልድዩን ሲሻገር ይታያል። እጇን ዘረጋች። አንድም ሰው «ወዴት ነሽ?» አላላትም። አባቷ የመኪናዋን መስታወት ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ሔኖክ «ገመዱ ስታንዳርድ አይደለም» እያለ ነው። እትዬ ውባየሁ ፍራሹ ስንት ሰው እንደሚያስተኛ በዓይኗ ትለካለች።

ሚኒባሱ ቆመ። በዛወርቅ ቀድማ ገባች፤ ሚስጥር ተከተለችና መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ቦርሳዋን አጠገቧ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠች። ወደ ውጭ ላለማየት ጉልበቷን አየች፤ ደግሞ አላስቻላትም፣ አየች።

ሰብሃት ቀና ብሎ ነበር። ገመዱ እጁ ላይ ነው። ዓይናቸው ተገናኘ፣ በመስታወቱ ውስጥ። አሁን ቆሞ የቀረው እሱ፣ የምትሄደው እሷ። ምን እንዳየ እንጃ። ያየውን ነገር ሲያይ ግን ከፊቱ ላይ ያ ብርሃን ጥፍት አለ፤ ሰው ቤቱን ቆልፎ ወጥቶ ውስጥ እሳት መተዉ ትዝ ሲለው እንደሚሆነው።

ገመዱን ጣለው። ወደ መኪናዋ ሄደ፣ ጋሽ ኃይለመስቀል በተቀመጡበት በኩል። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

«አራት ጎማ ነበር ያሉኝ፣ ጋሼ። ይኸው።»

«ምን ማለትህ ነው? መሪውን ማን ሊይዝ?»

ሰብሃት ወደ ሚኒባሱ ሮጠ፣ በዘይት የተቀባ ሸሚዙን እንደለበሰ። በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣

«ቦታ አለ?» አለ።

ሚስጥር ወደ ወንዙ እንዳየች ቆየች፤ እንዲጨንቀው ፈለገች፣ ጨነቀውም። ከዚያ ቀስ ብላ ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ነካው፣ ዘይቱ ነጭ ሹራቧን አጠቆረው፤ አልሸሸችም።

ውጭ ጩኸቱ ቀለጠ። ጋሽ ኃይለመስቀል ከመኪናዋ ዘለው ወርደው፣ ቁልፉን በአንድ እጃቸው፣ ሌላውን እጃቸውን እያወናጨፉ ሚኒባሱ ፊት ቆሙ።

«ውረጂ! ማን ፈቅዶልሽ ነው? እግረኛ ይዘሽ በየትኛው በር ልትገቢ!»

«ሽማግሌዎቹስ?» አለ ሔኖክ። «ኮሙኒኬት ተደርጓል እኮ!»

«ምነው ሚስጥርዬ» አለች እትዬ ውባየሁ መስኮቱን እየደበደበች፤ «አባትሽን በአደባባይ! ሰው ምን ይላል? እኔስ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

በዛወርቅ መስኮቱን ከፈተች። ጭንቅላቷን አወጣች። አልጮኸችም፤ ሻይ ስትቀዳ እንደምታወራው ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከመጡ ጀምሮ መኪናዋን ዕድሜዋን ጠየቋት፣ አገሯን ጠየቋት፣ የማን እንደሆነች ጠየቋት፣ ጭቃዋን እንኳን በመሐረብዎ ጠረጉላት። ልጅዎ እዚህ አጠገብዎ ቆማ ስታለቅስ ግን ‹ምን ሆነሽ ነው?› ያላት ሰው አለ?»

ጋሽ ኃይለመስቀል የመሐረባቸውን ጭቃ አዩ። ሔኖክ ጫማውን አየ። እትዬ ውባየሁም፣ እሷ እንኳን፣ መስኮቱን መደብደቧን ተወች።